ከአልሐምዱሊላህ በኋላ

እኔ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አልችልም። ምላስ አለኝ፣ ድምፅም አለኝ፤ ግን እነዚያን ሁለት ቃላት ሰው ፊት ማውጣት ቋጥኝ ከማንከባለል ይከብደኛል። የመንደራችን መገንጠያ ከሐይቅ ሲመጡ ውጫሌ ሳይደርሱ ነው። ስለዚህ ከሐይቅ የተሳፈርኩ ቀን ሌላ ሰው እዚያው እንዲወርድ ዱአ እያደረግኩ እሄዳለሁ። ሰው ከተገኘ ከኋላው ሹልክ ብዬ እወርዳለሁ። ካልተገኘ ውጫሌ ድረስ ሄጄ ያንን መንገድ በእግሬ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ደግሞ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ትከሻዬን ተንተርሳ እንቅልፍ ወሰዳት። መቀስቀሱ አሳፈረኝ። ውጫሌም አለፈ። ውርጌሳ ላይ ነቅታ «አንቺም የውርጌሳ ልጅ ነሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነበርኩ። ስም ሲጠራ «አቤት» የምለው በሆዴ ስለነበር መምህሩ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ቀሪ ይጽፍብኝ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ላይ ሳቋርጥ ልዩነቱን ያወቀ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ገመናዬን የማወጣው ወድጄ አይደለም። እናቴን ከሞት አፍ ያወጣኋት እኔ ነኝ ስላችሁ «ይቺ? በየትኛው አፏ?» እንዳትሉኝ ብዬ ነው። ጮኼ ነው ያወጣኋት። አዎ፣ እኔ ጮኼ።

ነገሩ የጀመረው በእሾህ ነው። እናቴን ማሳ ላይ እሾህ ወጋት። ስኳር ስላለባት ቁስሉ አልድን አለ። «እማየ፣ እግርሽ እንዴት ነው?» ስላት «አልሐምዱሊላህ» ትለኛለች። እናቴን ለማታውቋት ልንገራችሁ፤ ቤቷ እየተቃጠለ «እንዴት ነሽ?» ብትሏት «አልሐምዱሊላህ፣ ሞቆናል» የምትል ሰው ናት። እኛ አገር «እንዴት ነሽ» ላለ ሰው «አሞኛል» ብሎ መመለስ ፈጣሪን እንደመክሰስ ይቆጠራል። መጀመሪያ ምስጋናው ይነገራል። ሕመሙ ከተነሣም ጠያቂው ጫማውን አድርጎ በር ላይ ሲደርስ፣ ያውም በሳቅ ተሸፍኖ ነው።

እግሯ ጫማ አልገባ እስኪል እንዲሁ አመሰገነች። በመጨረሻ ጎረቤት ተሰብስቦ ለመነልኝና ሐይቅ ወስጃት፣ ስሙ ይቅርና፣ አንድ ሐኪም ቤት ተኛች።

አስታማሚዋ እኔ ሆንኩ። ማስታመም ደግሞ አውቃለሁ። አረብ አገር ሁለት ዓመት የሠራሁት አንዲት አሮጊት ማዳም ቤት ነበር። መድኃኒቷ ዘጠኝ ዓይነት ነው። የሣጥኑን የአረብኛ ጽሑፍ ማንበብ አልችልም፤ መጠየቅ ደግሞ ታውቁኛላችሁ። ስለዚህ ደብተር ይዤ መሳል ጀመርኩ። ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ፣ ለክኒን ክብ፣ ስትተኛ አልጋ፣ ሲያልባት ጠብታ። ልጇ ከሥራ ስትመለስ ደብተሩን ገልጣ የእናቷን ውሎ ታነባለች። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ክኒን አልተሳሳትኩም። አንድ ጊዜ ብቻ የሳልኩት አልጋ በግ መስሏት፣ እናቷ በግ ያማራት መስሏት፣ በግ ታርዶ መጣ። ማዳም በላች። እኔም በላሁ። ከዚህ ስለ ሥዕል ችሎታዬ ትረዳላችሁ።

ሐይቅም ያንኑ ደብተር ይዤ ገባሁ።

ከእናቴ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ሆዳቸውን የታመሙ አንዲት እማሆይ ተኝተዋል። በመጀመሪያው ጠዋት ሲስተሯ ገባች። ደግ ልጅ ናት፤ ፊቷ ሁልጊዜ ፈገግ ያለ ነው።

«እናቴ፣ እንዴት አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«የሚያምዎት ነገር አለ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ምን አለኝ! ይልቅ አንቺ እንዴት አደርሽ? ልጅሽ ደህና ነው?»

ሲስተሯ ልጇን ጉንፋን እንደያዘው ተናገረች። እናቴ ምን ማድረግ እንዳለባት መከረቻት። ሲስተሯ አመስግና ወደ እማሆይ ዞረች። እንዲያው ለተመለከተ ሰው የታከመችው እሷ ናት።

«እማሆይስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ክብር ምስጋና ይግባው።»

እማሆይ ይህን ሲሉ ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘውታል። ሲስተሯ ግን የሰማችውን ጻፈች። ተረኛዋ ስትቀየር የምትመጣው ሌላዋ ሲስተር የመጀመሪያዋ የጻፈችውን አነበበች፤ ዶክተሩ ሁለተኛዋ የነገረችውን ሰማ። በወረቀቱ መሠረት በሐይቅ ከተማ ከእናቴና ከእማሆይ የበለጠ ጤነኛ አልነበረም።

ሲስተሯ ለእናቴ የስኳር ክኒን ሰጥታት ሄደች። እኔም ፀሐይና ክብ ሳልኩ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን እናቴ ዝም አለች። ግንባሯ ላይ ላብ ቸፈፍ አለ። እጇ ተንቀጠቀጠ። «እማየ፣ ምን ሆንሽ?» ስላት ፈዝዛ አየችኝና «ቡሬ፣ ገብስ ውስጥ ገባሽ እንዴ?» አለችኝ።

ቡሬ ላማችን ናት።

ሰው ልጥራ ብዬ እስከ በሩ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ሰው ሞልቷል። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ተመለስኩ። እንዲህ ዓይነት ጀግና ነበርኩ።

ያዳነን ጠያቂ ነው። የእናቴ ዘመዶች ማንጎ ጭማቂና ሙዝ ተሸክመው ከተፍ አሉ። እኛ አገር ባዶ እጁን የሚጠይቅ የለም፤ የመጣውን አልቀበልም የሚል በሽተኛም የለም። «ወላሂ ሳትጠጪልኝ አልሄድም» ብላ አንዷ ጠርሙሱን አፏ ላይ ደገነችባት። እናቴ ጠጣች። ትንሽ ቆይቶ ላቡ ደረቀ፣ እጇ ረጋ፣ እኔም ከላምነት ወደ ልጅነት ተመለስኩ። ዘመዶቿ «ማሻአላህ፣ ፊትሽ ወዝ አለው!» ብለው ወጡ። እናቴ ቀሪውን ጠርሙስ ትራሷ ሥር ደበቀችው። ጣፋጭ እንዳትጠጣ ሲስተሯ አስጠንቅቃታለች። ዘመድ እንዳይቀየም ጠጣች፤ ሲስተር እንዳትቀየም ደበቀች። እናቴ ሰው አስቀይማ አታውቅም።

አምስት ሰዓት ላይ ዶክተሩ መጣ፤ ወጣት ነው፣ ይጣደፋል። ጣቷን ወግቶ ስኳሯን ለካ። የማንጎው ነገር አልተነገረውም።

«ስኳሩ አልወርድ ብሏል» አለ። «ክኒኑ ይጨመርላት። እናቴ፣ እንዴት ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አላህ አፊያ ይስጥህ።»

በማግስቱ ክኒኑ ሁለት ሆነ። መንቀጥቀጡም ባሰ። ዘመድ መጣ፣ ማንጎ መጣ፣ እናቴ ተመለሰች፣ ዶክተሩ ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ክኒን ጨመረ። በሦስተኛው ቀን ሦስት ክኒን፣ ብዙ ላብ፣ ሁለት ጠርሙስ። ዘመዶቹ ሲወጡ ደብተሬን ገልጬ አየሁት። ፀሐይ፣ ክብ፣ ጠብታ፣ ጠርሙስ፣ መርፌ። በቀጣዩ ገጽ ፀሐይ፣ ሁለት ክብ፣ ጠብታ በጠብታ ላይ። የስድስተኛ ክፍል ትምህርት እንኳ ይበዛበታል። ላቡ የሚመጣው ክኒኑን ተከትሎ ነው፤ የሚጠፋው በማንጎው ነው። ክኒኑ እናቴን እየጎዳት ነው።

አሁን የቀረው መናገር ብቻ ነበር። «ብቻ» ስል ግን ታውቁኛላችሁ።

መጀመሪያ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ግድግዳው ላይ ተለማመድኩ። «ዶክተር፣ እናቴን ክኒኑ ያንቀጠቅጣታል።» ግድግዳው በደንብ ሰማኝ። ዶክተሩ ሲመጣ ግን እሱ ቀደመኝ።

«አስታማሚዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ትበላለች?»

«አዎ።»

«ተኝታ አደረች?»

«አዎ።»

«ሌላ ችግር አለ?»

«አ… አይ።»

አለፈ። እማሆይ ካልጋቸው ሆነው ታዘቡኝ። «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ለበዓል ነው ያስቀመጥሽው?» አሉኝ።

ቀጥሎ የተሻለ ዘዴ መጣልኝ። አፌ እንቢ ካለ ደብተሩ ይናገር ብዬ የሲስተሯ የመድኃኒት ጋሪ ላይ ገልጬ አስቀመጥኩትና ሸሸሁ። ብዙም ሳይቆይ ሲስተሯ እየሳቀች ይዛው መጣች።

«የልጅሽን ደብተር ረስተሻል። ሲያምር! ስንተኛ ክፍል ነው?»

ልጅ የለኝም። አላገባሁም። ይህን ማስረዳት ከባድ ስለመሰለኝ «አንደኛ» አልኩ።

«ጎበዝ በይልኝ።»

«እሺ።»

እንግዲህ በአንድ ቀን እናቴን ሳላድን የአንደኛ ክፍል ተማሪ እናት ሆኜ ዋልኩ።

አራተኛው ቀን የገበያ ቀን ነበር። ሲስተሯ ማለዳ ሦስቱን ክኒን ሰጠቻት። እናቴ እጇን ልትታጠብ ወጥታ ተመለሰች። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ዘመድ የለም። ሁሉም ገበያ ወጥቷል። ትራሷ ሥር አየሁ፤ ጠርሙሱ ባዶ ነው። ላቡ በጉንጮቿ መውረድ ጀመረ።

በዚያ ሰዓት ዶክተሩ ከወትሮው ቀድሞ ገባ። ወረቀቱን እያገላበጠ ነው የመጣው።

«ቁስሉ እየዳነ ነው። ዛሬ ቤትዎ ይገባሉ። ክኒኑን ሦስት ጠዋት፣ ሦስት ማታ። እናቴ፣ እንዴት ነዎት?»

እናቴ ዓይኖቿ ጣሪያው ላይ ናቸው። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«አልሐምዱ…ሊላህ።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ አረፈ። መንደራችን ታየኝ። ሦስት ክኒን ጠዋት፣ ሦስት ማታ። ማንጎ የሚያመጣ ዘመድ የለም፣ ሐኪም የለም። በማግስቱ የሚመጣው ሰው «አላህ ይዘንላት» የሚል ነው። እጄ የአልጋውን ብረት ጨበጠ። ከዚያ ከሆነ ቦታ፣ ከኔ የማይመስል ድምፅ ወጣ።

«ውሸቷን ነው!»

እማሆይ አማተቡ። ዶክተሩ ቀና አለ።

«ማን?»

«እናቴ! ደህና አይደለችም! ውሸቷን ነው! በየቀኑ ውሸቷን ነው!»

በሕይወቴ ሰው ፊት የተናገርኩት የመጀመሪያ ረጅም ነገር እናቴን ውሸታም ማለት ሆነ። ግን አንዴ ከተከፈተ ወዲያ አልዘጋ አለኝ። ላቡን፣ መንቀጥቀጡን፣ ማንጎውን፣ የተደበቀውን ጠርሙስ፣ ቡሬን ሳይቀር አወራሁት። ደብተሬን ደረቱ ላይ አስደግፌ «ይኸው፣ እየው!» አልኩት።

ዶክተሩ መጀመሪያ ደብተሩን ሳይሆን እናቴን አየ። ጣቷን ወጋ። ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ግሉኮስ! ቶሎ!»

ሲስተሯ ሮጠች። መርፌው ክንዷ ላይ ገባ። እኔ የእናቴን እግር ይዤ እያለቀስኩ ነው። እማሆይ ጮክ ብለው ይጸልያሉ፤ በመካከሉ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ይሉኛል። ትንሽ ቆይቶ እናቴ ዓይኗን ገለጠች። እኔን አየች።

«ምን ያስለቅስሻል? ሰው እያየ!»

ላም አላለችኝም። አወቀችኝ! ከዚህ በኋላ ማን ቢያየኝ ግድ አልነበረኝም።

ዶክተሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አራት ቀን ሙሉ ተቀምጦ አያውቅም። ደብተሩን ገለጠ።

«ይቺ ምንድን ናት? ዶሮ?»

«አይ፣ እናቴ ናት።»

እናቴ አንገቷን አስግጋ አየችና «አላህ ይይልሽ» አለችኝ። ዶክተሩ ሣቁን ዋጥ አድርጎ ቀጠለ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ። ከዚያ ቆመ።

«በመጀመሪያው ቀን የሰጠናት አንድ ክኒን ነው። አንድ ብቻውን እንዲህ ማድረግ የለበትም። እናቴ፣ እኛ ከምንሰጥዎት ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

እናቴ የሻርፕዋን ጫፍ ሳበች። ቋጠሮ አለበት። በጥርሷ ፈታችው። ውስጡ ክኒኖች ተደርድረዋል።

«ይኸ ውጫሌ ያከመኝ ልጅ የሰጠኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ልታጠብ ስወጣ እውጠዋለሁ። አንድም ቀን እንዳይስቱ ብሎኛል።»

ዶክተሩ አንዱን አንስቶ አገላበጠው። «ይሄ እኮ ያው የኛው ነው! መልኩ ተለየ እንጂ አንድ መድኃኒት ነው። ለምን ሁለቱንም ይውጣሉ?»

«የሱን ትቼ የናንተን ብውጥ እሱ ይቀየመኛል። የናንተን ትቼ የሱን ብውጥ እናንተ ትቀየማላችሁ። ሁለታችሁም የሰው ልጆች ናችሁ፤ ማንን ላስቀይም?»

«ለምን ታዲያ አልነገሩንም?»

እናቴን በእውነት ገረማት። «ማን ጠየቀኝ? እንዴት ነሽ አላችሁኝ፣ አልሐምዱሊላህ አልኳችሁ።»

ዶክተሩ ደብተሩን ዘጋ። ከዚያ ሲስተሯን አየና «አልጠየቅናትም» አለ። ሲስተሯም «አልጠየቅናትም» አለች። ወቀሳ ወደ በሽተኛ ያልወረደበት ቀን ነበርና በልቤ ያዝኩላቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «አንቺ ባትጮኺ ዛሬ ሸኝተናት ነበር» አለኝ። ሌላውን አልጨረሰውም። እኔም አላስጨረስኩትም።

ሲስተሯ በዚያው ስሜት ወደ ሌሎቹ አልጋዎች ዞረች። «እናቶች፣ በየጨርቃችሁ ጫፍ የቋጠራችሁት መድኃኒት ካለ ዛሬውኑ ይፈታ!»

ጉድ የታየው ያኔ ነው። ከየቋጠሮው ጥቁር አዝሙድ፣ ዓመት ያለፈው የሳል ክኒን፣ የጎረቤት የደም ግፊት መድኃኒት ወጣ። አንዷ ሴትዮ የሞተ ባሏን ክኒን ለማስታወሻ እያለች እየቆነጠረች ስትውጥ ከርማለች። የጠፋ የጆሮ ጉትቻም ተገኘ። እማሆይ የእምነት አፈራቸውን አሳይተው «ይቺን ግን አትነኳትም» አሉ። አልተነካችም።

ሲስተሯ እንደለመደችው ልትጠይቃቸው «እማሆይ፣ እንዴት ነዎት?» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ከእሱ በኋላስ?»

እማሆይ ብርድ ልብሱን ለቀቁ። እናቴን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ከእሱ በኋላማ ልጄ፣ ጎኔ በቢላዋ የተሰነጠቀ ይመስለኛል። ከገባሁ ጀምሮ። ምስጋናውን ለፈጣሪ ሰጥቻለሁ፤ ሕመሙን አንቺ ውሰጅልኝ!»

በዚያው ቀን ለእማሆይ ሌላ ምርመራ ታዘዘ። የሐሞት ጠጠር ተገኘባቸው። ክፍሉ ውስጥ ከዚያ ወዲያ «እንዴት አደሩ» ብቻ ብሎ ማለፍ ቀረ። ሲስተሮቹ ምስጋናውን በትዕግሥት ይሰሙና «ከእሱ በኋላስ?» ይላሉ። አንዷ ተረኛ ለሌላዋ ስታስረክብም አልጋችን ድረስ መጥተው፣ እኛው ፊት ይነጋገራሉ። ሲሳሳቱ እኔ አርማለሁ። አዎ፣ እኔ።

እናቴ ሌላ ሳምንት ቆየች። ስኳሯ በአንድ ክኒን ተስተካከለ። ሲስተሯ ማንበብ ለማይችሉት እናቶች የመድኃኒት ከረጢት ላይ ፀሐይና ጨረቃ እንድስልላቸው ለመነችኝ። መስኮቱ ሥር ወንበር ተሰጠኝ። ሴቶቹ ተሰልፈው «ለኔም፣ ለኔም» ሲሉኝ ዋሉ። ክኒኑን ከምግብ በኋላ ለማለት እንጀራ ልስል ሞክሬ አንዷ «ጎማ ነው?» አለችኝ። «እንጀራ ነው!» አልኳት፣ ሁሉም እየሰማ። «ልጅሽስ፣ አንደኛ ክፍል አለፈ?» ብላ ሲስተሯ ስትጠይቀኝም «ልጅ የለኝም፣ ሥዕሉ የኔ ነው» አልኩ። ሳቀች፣ ሳቅሁ።

የወጣን ቀን እማሆይ እናቴን አቅፈው «ከዲጃ፣ ደግሞ ቤትሽ ገብተሽ መዋሸት እንዳትጀምሪ» አሏት። ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱ ያለቀ እየመሰለኝ እንደ ድሮው ሌላ ወራጅ ፍለጋ ተሳፋሪውን ቃኘሁ። ደረቴን ነፋሁ።

«ወራጅ አለ!»

ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«እዚህ? እዚህ እኮ ገደል ነው!»

«መገንጠያው ላይ ነው የምንወርደው። ገና ነው፤ አውቃለሁ። ቀድሜ ልናገር ብዬ ነው።»

መኪናው በሳቅ ተሞላ። እኔም አልቀለጥኩም፤ መቀመጫው ውስጥም አልሰመጥኩም። ሾፌሩ በመስታወቱ የእናቴን ፋሻ አይቶ «እናቴ፣ እንዴት ነዎት?» አላት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች እናቴ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ከእሱ በኋላማ ልጄ…»

ሕመሟን ከራስ ቅሏ ጀምራ ወደ ታች መዘርዘር ያዘች። መገንጠያው ላይ ስንቆም ገና ጉልበቷ ላይ ነበረች። ቁስሉ ያለው ደግሞ እግሯ ላይ ስለሆነ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ እስክትጨርስ ጠበቃት።